11 ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሱ ታካሚ፣ እንዴት ነው የምቀርባቸው?

ብርድ_አይችሌ
ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለቤቱ። ክሊኒካል ነርስ ነኝ፣ ሳይካትሪ አልተማርኩም፣ ሰው ስለጎደለ ብቻ ከሰርጂካል ዋርድ አንስተው አእምሮ ህክምና ዋርድ ከወረወሩኝ ሶስት ወር ሆነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ የቱ ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም አትጠይቁኝ። እኔ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ደጋ መጥቼ ከብርዱም ከስራውም ጋ እየታገልኩ ነው።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። አንድ ታካሚ አሉ (መለያ የሚሆነውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ)፣ ከመንዝ በኩል የመጡ ገበሬ፣ ሃምሳ ምናምን አመት፣ ይሄው 11 ቀናቸው። ሲገቡ እጃቸው ላይ የገመድ ምልክት ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት። እኔ በየጠዋቱ እየዞርኩ "እንዴት አደርክ? መድኃኒትህን ዋጥክ? ድምጽ ይሰማሃል?" እላለሁ፣ ምንም። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ነው "ደህና ነው ዶክተር" እያለ የሚመልስልኝ (ዶክተር አይደለሁም ማለት ደክሞኝ ትቼዋለሁ፣ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)። ምግብ በግድ፣ ኪኒን በልጁ ልመና። ሃሎፔሪዶል (ለከባድ የአእምሮ ህመም የሚሰጠው) ላይ ናቸው።

ኮሌጅ እያለን ቴራፒዩቲክ ሪሌሽንሺፕ (የነርስና የታካሚ ግንኙነት) የምትባለዋን ሸምድጄ ኦሬንቴሽን፣ ዎርኪንግ፣ ተርሚኔሽን (መተዋወቅ፣ አብሮ መስራት፣ መለያየት) ብዬ ጽፌ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። አልጋ አጠገብ ስቆም ግን አንዷም ትዝ አትለኝም። ከማያናግርሽ ሰው ጋር ምኑን ነው የምትጀምሪው? አለቃዬ "ተያቸው መርፌና ኪኒኑ ስራውን ይሰራል" ይለኛል። ልምድ ያላችሁ እስኪ በናታችሁ።

ሁለት_ለሠላሳ
ማክሰኞ ማታ 3:41

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ አይክፋሽ። እኛ ጋ ማታ ሁለት ነርስ ለሠላሳ ታካሚ ነው፣ መድኃኒት ታድያለሽ ቻርት ትጽፊያለሽ ከአስታማሚ ጋ ትጨቃጨቂያለሽ አንዱ አጥር ሊዘል ሲል ትሮጫለሽ እና ይነጋል። ሪሌሽንሺፕ በየት በኩል ይግባ? ይሄ ነገር አራት ታካሚ ይዞ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ፈረንጅ የጻፈው ነው። ኪኒኑን ስጪ፣ መዋጣቸውን አፋቸውን አስከፍተሽ እዪ፣ በሰላም ዲዩቲሽን ጨርሰሽ ውጪ። አለቃሽ አልተሳሳተም።

አረቄ_ቀረሽ
ማክሰኞ ማታ 3:48

ሸዋ ሮቢት አድጎ ደጋ ላይ የተመደበ ሰው ራሱ ታካሚ ነው እኮ 😂 ማታ ማታ አንድ መለኪያ ለሰውየውም ለራስሽም፣ ሲሞቃቸው ይናገራሉ።

አሮጊቷ_ነርስ
ማክሰኞ ማታ 4:30

አረቄ ቀረሽ፣ ቀልድህን ይዘህ እዛው። (ለወጣቶቹ ግን በዚሁ ልናገር፣ ለአመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ዋርድ ገብቶ በአንዴ ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የሚጥል በሽታ ድረስ ሊመጣበት ይችላል። ሲገባ "ይጠጣል ወይ፣ ስንት፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ በኛ አገር የማይጠየቅ ጥያቄ ነው።)

ወደ አንቺ ልምጣ ብርድ አይችሌ። 19 አመት ሳይካትሪ ላይ ነኝ፣ የሰለጠንኩት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ጽሁፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለኛ ስትጽፊ "አንድ ታካሚ አሉ፣ ከመንዝ የመጡ" ትያለሽ። ለሳቸው ስትናገሪ ግን "እንዴት አደርክ፣ ዋጥክ ወይ" ነው ያልሽው። አየሽው? የልጅ አባት፣ በሬ የጠመደ፣ ሃምሳ አመት ያለፈው ሰው፣ መንገድ ላይ ብታገኚው ጎንበስ ብለሽ "እንደምን ዋሉ" የምትይው ሰው፣ አልጋ ላይ ሲተኛ አንተ ሆነ። አንቺን ለመውቀስ አይደለም ዋርዱ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጥበቃውም ጽዳቷም አንተ ነው የሚሉት። ሌላ ዋርድ ላይ እግሩ ተሰብሮ የተኛውን እኮ አንቱ ነው የምንለው። ሰውየው ይሄን አይሰማም ብለሽ ነው? ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ጆሮው ወደ ቤቱ ነው የዞረው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ጠይቂው፣ አባትህን አገር ቤት ማን ብለው ነው የሚጠሯቸው? ጋሼ? አያ? አባ እገሌ? ካርዱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠራቸው ስም ነው።

ሁለተኛ፣ ይሄ ከሁሉም ይቀድማል እንደውም አንደኛ ልበለው፣ ዝምታ ሁሉ ኩርፊያ አይደለም። ሃሎፔሪዶል ላይ ናቸው ብለሻል። እጃቸውን ያዢና ክርናቸውን ቀስ ብለሽ እጠፊ ዘርጊ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ግትር ግትር ይላል? ለሃጭ ይዝረከረካል? ሲራመዱ እጃቸው ይወዛወዛል ወይስ እንደ እንጨት ነው? ፊታቸው ላይ ስሜት ይነበባል? መድኃኒቱ ራሱ ሰውን እንዲህ አድርጎ ያስረዋል፣ አፍ መክፈትም ያቅታል። ሌላም አለ፣ ካታቶኒያ የሚባለው፣ እጁን አንስተሽ ብትተዪው እዛው አየር ላይ የሚያስቀር አይነት፣ እሱ ሌላ ህክምና ነው ያለው፣ ሃሎፔሪዶል እንደውም ሊያባብሰው ይችላል። ሁለቱንም ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪ። ከሰው ጋር ግንኙነት ልፍጠር ብለሽ አንድ ወር ቁጭ ብለሽ ስታወሪላቸው ችግሩ ኪኒኑ ቢሆንስ?

ሶስተኛ። በር ላይ ቆመሽ አትጠይቂ። ዱካ ይዘሽ ግቢ፣ ከፊታቸው ሳይሆን ጎን ብለሽ ተቀመጪ፣ በሩን አትዝጊባቸው አንቺም መውጫውን አትከልይ። ስምሽን ንገሪ፣ "እዚህ አስር ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ ማውራት ካልፈለጉ ግድ የለም፣ ከዛ ስምንት ሰአት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ" በይ። ዝም በይና ተቀመጪ። አስር ደቂቃሽ ሲያልቅ ተነሺ። ስምንት ሰአት ላይ ሂጂ። ስምንት ከሩብ ሳይሆን ስምንት።

ሁለት ለሠላሳ፣ አንተም ትክክል ነህ፣ ጊዜ የለም። ግን አስር ደቂቃ ለሁሉም አላልኩም፣ ለአንድ ሰው ነው ያልኩት።

ተመላላሽ
ማክሰኞ ሌሊት 5:55

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው (ደህና ነኝ አትስጉ፣ ቡና ነው)። ባይፖላር ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ሶስት ጊዜ ተኝቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ከአልጋው ወዲህ ሆኜ ልናገር።

መጀመሪያ የተኛሁ ጊዜ ነርሶቹ እዛ ጠረጴዛቸው ጋ ተሰብስበው ይስቁ ነበር፣ የራሳቸውን ጨዋታ ነው እኮ፣ እኔ ግን በዛ ሰአት አለም በሙሉ ስለኔ ነው የሚያወራው፣ በእያንዳንዱ ሳቅ አንድ ሴራ ጨመርኩበት። እባካችሁ ታካሚ እያያችሁ አትንሾካሾኩ። ጮክ ብላችሁ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብታወሩ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ "መቼ ነው የምወጣው" ስላቸው "ነገ" ይሉኛል። ነገ ይመጣል ደሞ "ነገ"። ዝም እንድል ነው። በሶስተኛው ቀን መድኃኒቱም ውሸት ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ይፈረድብኛል? አንድ ነርስ ብቻ "አላውቅም፣ ሐሙስ ሐኪሙ ሲመጣ እጠይቅልሃለሁ" አለኝ፣ ሐሙስ ጠይቆ መጥቶ "ገና ሁለት ሳምንት ነው ብሏል" አለኝ። ክፉ ወሬ ነው ያመጣልኝ፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ከሱ እጅ ብቻ ነበር የምቀበለው።

ሶስተኛ ታስሬያለሁ። አልጋ ላይ፣ በነጠላ። መታሰሩን ልረሳው እችላለሁ፣ ከተፈታሁ በኋላ ማንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሻይ ሲያመጣልኝ ግን... ያቺን ሻይ አልረሳትም። መጥታችሁ ንገሩን። ለምን እንዳሰራችሁን፣ ምን ስናደርግ እንደነበር፣ ደግሞ እንዲህ ብሆን ምን ብታደርጉልኝ ይሻላል ብላችሁ ጠይቁን።

እና ያስታመመችኝ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ጽዳቷ። በየጠዋቱ "ቲቸር እንዴት አደሩ፣ እግርዎን ያንሱልኝ" ትለኝ ነበር። ዋርዱ ውስጥ እኔ ቲቸር መሆኔን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለት_ለሠላሳ
ረቡዕ ጠዋት 1:10

ተመላላሽ አንብቤዋለሁ። ሻይዋ ላይ ዝም አልኩ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ ለአሮጊቷ፣ ቅዠቱን ሲነግረኝ ምን ልበለው? "ጎረቤቴ መተት አሰርቶብኛል ቤቴ ስር ቀብሮብኛል" ይለኛል። የለም ብለው ይጣላኛል። አዎ ብለው ደግሞ ማበዱን አጸናሁለት።

አሮጊቷ_ነርስ
ረቡዕ ጠዋት 2:05

ጥሩ ጥያቄ። መጀመሪያ መተት ማመኑ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ የሰፈሩ ግማሽ ያምናል፣ አንተም አያትህ ቤት ሰምተህ ነው ያደግከው። ቤተሰቡን ጠይቅ፣ እነሱም እንደዛ ነው የሚሉት ወይስ "ይሄን የሚለው ከታመመ ወዲህ ነው" ነው የሚሉት? ልዩነቱ እዛ ጋ ነው።

በሽታው ከሆነ አትከራከር፣ ግን ደግሞ አትስማማ። ከነገሩ ውስጥ ስሜቱን ያዝ። "እኔ ይሄን አላየሁም፣ ግን እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው ይገባኛል፣ እንዴት ነው የሚያድሩት?" በለው። ስለ እንቅልፉ ያወራሃል። እንቅልፉን ያወራህ ሰው ስለ ኪኒኑም ያወራሃል። መርማሪ ፖሊስ አትሁን፣ "ማን ነው የቀበረው፣ መቼ፣ የት" እያልክ ዝርዝር ከጠየቅከው አንተው እያሳደግክለት ነው።

የታላቅ_ወንድም
ረቡዕ ቀን 7:30

እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ከደብረ ሲና አካባቢ ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ይሄው ስምንት አመት። አንብቤ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መድኃኒት አልወስድም ሲል አንድ ባለሙያ (ስም አልጠራም) "ሽሮው ውስጥ ፈጭታችሁ ስጡት" አለን። እናቴ አራት ወር ሙሉ እየፈጨች ሰጠችው። ተሻለው! እውነት እላችኋለሁ ተሻለው፣ ከብት ማገድ ጀመረ፣ ቤተክርስቲያን ሄደ። ከዛ አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ ስትፈጭ አያት። ምንም አላለም። ከዛን ቀን ጀምሮ ከእናቴ እጅ ውሃ እንኳ አይጠጣም፣ አመት ሙሉ፣ የራሱን ቆሎ እየቆላ ይበላ ነበር። እናቴ ያለቀሰችውን እኔ ነኝ የማውቀው። ድሮም "ቤተሰቤ እየመረዘኝ ነው" ነበር የሚለው፣ እኛ እውነት አደረግንለት።

እና እናንተ ባለሙያዎች ቤተሰብን እንዲህ ስትመክሩ የሚከተለውን አብራችሁ አስቡት።

ሁለት_ለሠላሳ
ረቡዕ ቀን 7:52

ወንድሜ ይቅርታ ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበራችሁ? አልወስድም ብሎ ገደል ገብቶ ቢሞት ይሻል ነበር? እኔም መክሬ አውቃለሁ፣ ደግሞም እመክራለሁ።

የታላቅ_ወንድም
ረቡዕ ቀን 8:15

አልፈርድብህም። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። አንዲት ሳይካትሪ ነርስ ናት የፈታችልን። ስለ መድኃኒቱ አልጀመረችም፣ "ምኑ ነው ያስጠላህ?" አለችው። በስምንት አመት ማንም ጠይቆት አያውቅም! እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቄ ይዝረበረባል፣ ከሰው ፊት ያሳፍረኛል፣ ደግሞ (ቀስ ብሎ) ሚስት ላገባ ብል ወንድነቴ አይሰራም አላት። እሷም አልሳቀችም። ለሐኪሙ ነግራ መድኃኒቱ ተቀየረለት፣ አሁን በወር አንድ ጊዜ መርፌ ነው የሚወጋው፣ ሞዲኬት። ኪኒን በየቀኑ መለማመጥ ቀረ። እናቴ እጅ አሁን ይበላል፣ ሽሮ ግን እስከዛሬ አይበላም።

አሮጊቷ_ነርስ
ረቡዕ ቀን 8:40

ሽሮዋ። እንዲህ ያለ ነገር እድሜ ልክ ይቆያል።

ሁለት ለሠላሳ፣ ሰውየው ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሆኖ ያለፍላጎቱ መርፌ መስጠት አለ፣ እሱን በግልጽ ታደርገዋለህ፣ ፊቱ ላይ፣ ምክንያቱን እየነገርክ። ከባድ ነው ግን አልዋሸኸውም። ከምግብ ጋ መደበቅ ግን ሌላ ነው፣ ከዛ በኋላ የሚበላው ሁሉ ጥያቄ ነው።

ደግሞ ስለ ቀጠሮ አንድ ነገር ልጨምር። "ከ30 ቀን በኋላ" ብላችሁ በፈረንጅ ቀን ካርድ ላይ አትጻፉ፣ ማን ያነበዋል። የወር መርፌ ከሆነ ከበአል ጋ አያይዙት፣ የሚካኤል ማግስት፣ ወር በገባ በ13። ገበሬው በ12 አያርስም፣ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ በሚካኤል ተነስቶ በማግስቱ ይደርሳል። እሁድ ላይ ከዋለ ሰኞ ይምጣ በሉት። እኔ ከዚህ በኋላ የሚጠፋብኝ ሰው በጣም ነው የቀነሰው።

ዲያቆን_ዘሸንኮራ
ረቡዕ ማታ 2:20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ጸበል ቦታ የማገለግል ዲያቆን ነኝ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ በኩል። የእናንተ ታካሚዎች እኛ ጋ ናቸው፣ የኛ ደግሞ እናንተ ጋ። ጻድቃኔ ማርያምም ብትሄዱ እንደዛው ነው።

የማየውን ልንገራችሁ። ሰዎቹ ኪኒናቸውን ከኛ ይደብቃሉ፣ ጸበላቸውን ከእናንተ ይደብቃሉ። ሁለታችንንም ይፈሩናል። አንዳንድ አጥማቂ "መድኃኒት ከወሰድክ ጸበሉ አይሰራም" ይላል፣ አለ አልዋሽም፣ አንዳንድ ነርስ ደግሞ "ጸበል ለጸበል ስትዞር ነው እንዲህ የሆንከው" ብሎ በሰው ፊት ያዋርዳል። በኤችአይቪ ጊዜ ይሄው ክርክር ነበር፣ አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና ጸበሉንም ተጠመቁ መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ለአእምሮ ህመምስ ምን ልዩነት አለው?

የምለምናችሁ ሳትንቁ ጠይቁ። "ጸበል ሄደዋል? የት? ምን ያህል ቆዩ?" ሰውየው ሰባት ቀን ሁለት ሰባት ተጠምቄያለሁ ካለ ለመዳን የለፋ ሰው ነው ማለት ነው፣ ተስፋ የቆረጠ አይደለም። ደግሞ ጸበል በባዶ ሆድ ስለሆነ ጠዋት ኪኒን ካላችሁት አይወስድም፣ እናንተን ንቆ ሳይሆን።

መድኃኒት_ቤት
ረቡዕ ማታ 3:00

ዲያቆን ያነሱት ጾም ነገር ላይ ፋርማሲስት ነኝ ልግባ። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ አንድ ጊዜ ሆነው ሊሰጡ ይችላሉ፣ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ማታ አድርጉላቸው፣ ሁዳዴ ሲገባ ኪኒን የሚያቆመው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው፣ ማንም ስለማይጠይቀው እንጂ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ሊቲየም (ለባይፖላር የሚሰጠውን) የሚወስድ ሰው ካለ ግን ተጠንቀቁ። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ሊቲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይመርዛል። ሙሉ ቀን ውሃ ሳይቀምስ ቆላ ላይ ፀሀይ ሲመታው የሚውል ሰው፣ ወይም ተቅማጥ የያዘው፣ እጁ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ ካመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ። ክሎርፕሮማዚን (እሱም እንደ ሃሎፔሪዶል ነው) የሚወስድ ገበሬ ደግሞ ቆዳውን ፀሀይ ያቃጥለዋል፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ በሉት፣ ከመኝታውም ቀስ ብሎ ይነሳ፣ ያዞራል።

ብርድ_አይችሌ
እሁድ ማታ 1:30

ተመልሻለሁ፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ ግን ዲዩቲ ላይ ነበርኩ። በተራ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ልጁን ጠየቅኩት። አባቱ የእድር ዳኛ ነበሩ! አገሩ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ የሰው ጸብ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። እኔ "ዋጥክ ወይ" ስላቸው የነበርኩት ሰው። ውስጤ ቅልጥ አለ።

ክርናቸውንም አጠፍኩት። ግትር ነው፣ ያልሽው እንደዛው ነው፣ ለሃጭም ነበር እኔ እንቅልፍ መስሎኝ። ለሐኪሙ ነገርኩት፣ መጥቶ አያቸው፣ ሃሎፔሪዶሉን ቀነሰ፣ ግትርነቱን የሚያላላ ቤንዝሄክሶል ጨመረ። "ጥሩ አይተሻል" አለኝ፣ እኔ አይደለሁም ያየሁት ኢንተርኔት ላይ ያሉ እናቴ ናቸው አላልኩትም 😅

ከዛ ዱካ ይዤ ገባሁ። "እንደምን አደሩ ጋሼ" አልኩ፣ ስሜን ነገርኳቸው፣ አስር ደቂቃ ተቀመጥኩ። በህይወቴ እንደዛ ረጅም አስር ደቂቃ አላየሁም፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ስምንት ሰአት ተመለስኩ። ሐሙስም። አርብም፣ አርብ እንደውም አንድ ኢመርጀንሲ ገብቶብኝ ልቀር ነበር በሩጫ ሄጄ "ዛሬ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ ጋሼ ነገ እክሳለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ። ቁጭ እንዳልኩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

"በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል"

በቃ። ሌላ አንድ ቃል የለም። ዘግቼ (አልዘጋ ብሎኝ ነጠላዬን ጎዝጉዤ ነው የዘጋሁት) ተቀመጥኩ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሁለት_ለሠላሳ
እሁድ ማታ 1:44

ደስ ይላል ብርድ አይችሌ የምሬን ነው። ግን ጠማማ ልሁንና፣ ያናገራቸው "ጋሼ" ነው ወይስ ቤንዝሄክሶሉ?

አሮጊቷ_ነርስ
እሁድ ማታ 2:15

ምን አገባህ 😄 እሷ አጠገባቸው ባትቀመጥ ክርናቸውን ማን ያጥፍ ነበር? ኪኒኑ ባይስተካከል ደግሞ "በሩን ዝጊ" ለማለት መንጋጋቸውን ማን ይፈታው ነበር? ሁለቱን መለየት ጥናት ለሚሰራ ሰው እንተወው።

ደግሞ ፔፕላው የምትባለዋ አሜሪካዊት ነርስ፣ ለፈተና የሸመደድሻት፣ በፈረንጆቹ 1952 የጻፈችው፣ ነርሷ ታካሚው ፊት መጀመሪያ የምትይዘው ቦታ የእንግዳ ነው ትላለች፣ ባዕድ ማለቷ ነው፣ መምህር መሆኑ አማካሪ መሆኑ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ በኛ ቋንቋ እንግዳ ማለት ሁለት ነገር መሆኑ ነው፣ የማታውቂውም ነው፣ ቤትሽ ገብቶ ተነስተሽ የምታስቀምጪውም ነው። ታዲያ ዋርዱ ውስጥ እንግዳው ማን ነው? እሳቸው አልጋው ላይ ናቸው፣ አንቺ ነሽ የገባሽባቸው። "በሩን ዝጊው" የባለቤት ንግግር ነው።

ብርድ_አይችሌ
ማክሰኞ ማታ 4:05

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ ጥቂት አወሩኝ። ስለ ገመዱ ጠየቅኳቸው፣ ሌሊት ከቤት እየወጡ ወደ ገደሉ ስለሚሄዱ ልጃቸው ነው ያሰራቸው፣ አውቶቡስ ላይም እንደታሰሩ ነው የመጡት። ከዛ ቀስ ብለው "ያን ጊዜ ባልመለሰኝ ይሻል ነበር" አሉኝ። ቀጥለው "ለልጄ እንዳትነግሪው፣ ለማንም" አሉኝ። እኔም ደንግጬ "እሺ" ብያለሁ። አሁን እንቅልፍ አጣሁ።

አሮጊቷ_ነርስ
ማክሰኞ ማታ 4:12

አሁኑኑ ዲዩቲ ላይ ላለው ነርስ ደውዪ፣ ለሐኪሙም ይነገር፣ ክትትላቸው ይጥበቅ፣ ገመድ ቀበቶ ስለት አጠገባቸው አይኑር። ከዛ ተመልሰሽ አንብቢ።

ደወልሽ? እሺ። ነገ ጠዋት ሂጂና እራስሽ ንገሪያቸው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። "ትናንት እሺ ማለት አልነበረብኝም ጋሼ። ይሄን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፣ ለሐኪሙ ነግሬያለሁ። ለልጅዎ ምን እንደምንለው ግን አብረን እንወስን።" ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ወደፊት ለማንም "ለማንም አልናገርም" ብለሽ ቃል አትግቢ፣ ሲጀምሩልሽ "ህይወትዎን የሚያሰጋ ከሆነ ከቡድኑ ጋ እማከራለሁ" በይ።

ደግሞ በግልጽ ጠይቂያቸው፣ "ራስዎን ስለማጥፋት ያስባሉ? አሁንም? እንዴት አድርገው እንደሆነ አስበዋል?" ብለሽ። መጠየቅ ሃሳቡን አያስገባባቸውም፣ ያለበት ሰው እንደውም ቀለል ይለዋል። በገጠር ደግሞ ሲወጡ ቤት ውስጥ የጸረ ተባይ መድኃኒት ካለ ልጁ ቆልፎ ወይም ሌላ ቤት እንዲያስቀምጠው ይነገረው።

ተመላላሽ
ማክሰኞ ማታ 4:30

ልጁንም አትርሱት በእግዜር። አባቱን አስሮ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረ ልጅ ነው። የኔ ታናሽ ወንድም እኔን ካሰረኝ በኋላ ሁለት አመት አይኔን አላየኝም ነበር። እሱም ይጠየቅ፣ አንተስ እንዴት ነህ ተብሎ።

ብርድ_አይችሌ
አርብ ማታ 2:50

ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ረጅም ሰአት ዝም አሉና "አንቺ ልጅ ቃልሽን ታፈርሻለሽ፣ ግን ፊት ለፊት ነው የምታፈርሺው" አሉኝ። ዳኛ ናቸው አልኳችሁ እኮ። ለልጃቸው እኔ ባለሁበት እራሳቸው ነገሩት። ልጁ እግራቸው ላይ ወድቆ ስለ ገመዱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሳቸውም "ተነስ፣ በሬም ይታሰራል" አሉት፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም ግን ልጁ ሳቀ። ሐኪሙ ዲፕሬሽን ነው ዋናው ብሎ መድኃኒት ቀይሯል።

ሁለት_ለሠላሳ
አርብ ማታ 3:02

እኔም አንድ ዜና አለኝ። ማታ ማታ አንድ ሰው መርጬ አስር ደቂቃ መቀመጥ ጀመርኩ። ስድስት ደቂቃ ነው እውነቱን ለመናገር። ያ መተት የሚለው ሰውዬ ስለ እንቅልፉ ነገረኝ።

ብርድ_አይችሌ
ሰኞ ማታ 3:15 (ከሶስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ ሐሙስ ይወጣሉ። ሁለት ጥያቄ። አንደኛ ስልኬን ጠየቁኝ። ሁለተኛ ልጃቸው አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ አንድ ኩንታል የሚያክል የገብስ በሶ አመጣልኝ፣ እምቢ ብል ይከፋቸዋል ብቀበል ደሞ ደንቡ...

አሮጊቷ_ነርስ
ሰኞ ማታ 3:40

የራስሽን ስልክ አትስጪ፣ የክሊኒኩን ስጪ፣ ስምሽን ጻፊበት። ሌሊት ደውለው አንቺ ተኝተሽ ከሆነ ምን ይሆናሉ? ክሊኒኩ ግን አይተኛም። ደግሞ ተመላላሽ ላይ የሚያያቸውን ነርስ ሐሙስ ሳይደርስ አምጪና አስተዋውቂያቸው፣ "ከእኔ ቀጥሎ የእርስዎ ሰው እሱ ነው" በይ። የምትለያዩበትን ቀን ዛሬ ጀምረሽ ተናገሪ፣ በሩ ላይ በድንገት አይሁን።

በሶውን ተቀበዪና ዋርዱ በሙሉ ይብላው፣ ታካሚውም ጥበቃውም። ጽዳቷን አትርሺ።

ብርድ_አይችሌ
ሐሙስ ማታ 1:50

ሄዱ። ቀጠሯቸው በ13 ነው፣ የሚካኤል ማግስት፣ ልጁም በቃሉ ያውቀዋል። የጸረ ተባዩን ነገር ለልጁ ደግሜ ነግሬዋለሁ፣ አጎቱ ቤት ወስዶታል። ሲወጡ "እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ ያን በር አሰሪው" አሉኝ። ለጥገና ክፍል ከጻፍኩ ሶስት ሳምንት አልፎታል፣ እስካሁን ነጠላዬ ነው የሚዘጋው።